ደረስጌ ማርያምና የአያቶቻችን ቃል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በታሪክ ክበብ ተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



ይዘነው የመጣነው ነገር ከሩቅ አገር የተገኘ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ደጁን ተሳልማችሁ የምታልፉት፣ አንዳንዶቻችሁም ክርስትና የተነሣችሁበት ነው። ዳሩ ግን እኛ ተማሪዎች መጠየቅ እስክንጀምር ድረስ ምን ያህል እንደማናውቀው ስላልተረዳነው ኀፍረታችንን ሳንደብቅ ከዚያው እንጀምራለን።

ነገሩ የተነሣው በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ስለ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሲያስተምሩን፣ ካሣ ኃይሉ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት እንደ ሆኑ ነገሩን። ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ «ደረስጌ የሚባለው አገር በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን የጠየቀው ለቀልድ አልነበረም። በመጽሐፍ የተጻፈው ደረስጌና እናቱ በየዓመቱ ስለት የምታስገባበት ደረስጌ አንድ ይሆናሉ ብሎ አስቦ አያውቅም። በመጽሐፍ የሚጻፍ አገር ሁሉ ሩቅ ይመስለው ነበር። መምህራችን አልሳቁም። «እናንተ የሳቃችሁት፣ እስኪ ያን ቤተ ክርስቲያን ማን እንዳሠራው ንገሩኝ» አሉን። በዚያን ጊዜ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

በዚያው ቅዳሜና እሑድ በየቤታችን ጠየቅን። ሰኞ ዕለት ስንገናኝ ሁለት ዓይነት መልስ ይዘን መጣን። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ «ቴዎድሮስ ናቸው ያሠሩት፣ ለዚያ አይደለም እዚያ የነገሡት?» ብለዋል። አያቶቻችን ግን፣ በተለይ ቤተ ክህነት አካባቢ ያደጉት፣ «የለም፣ የውቤ ሥራ ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌማ ተቆጥተው «ሕንፃውን የሠራ ሌላ፣ ስሙን የወሰደ ሌላ!» ብለው ልጁን ከደጅ ሊመልሱት ምንም አልቀራቸው ነበር። እኛም በሁለቱ መልስ መካከል ቆመን፣ የተጻፈውን መመርመር ጀመርን።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የስሜን ገዥ ነበሩ። በ1823 ዓ.ም. ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ድል ከሆኑ ወዲህ ትግራይን ጨምረው ያዙ፤ በዘመናቸውም ከሰሜኑ መሳፍንት ሁሉ የበረቱ ሆኑ። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በግንባታውም ብዙ ዘመን በአገራችን ኖሮ በዓድዋ የሞተው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደ ተሳተፈ ተጽፎ ይገኛል። ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን አሠርተው በሥዕል ሲያስጌጡ፣ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የሚጭኑበት ቀን ይመጣል ብለው አስበው ነበር ይባላል። እንግዲህ የካቲት መጣ፤ በደረስጌም ውጊያ ሆነ፤ ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። በጥቂት ቀናት ውስጥም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘውዱን የጫኑት ድል አድራጊው ካሣ ሆኑ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመን ሌላ ነገር አለ። ቴዎድሮስን የቀቡት አቡነ ሰላማ በ1841 እ.ኤ.አ. ከግብፅ የመጡት በውቤ ጥረትና ወጪ ነበር። መልእክተኞቹን የላኩት ውቤ ናቸው። እንዲህ ከሆነ በዚያ ቀን ሕንፃውም ጳጳሱም በአንድ ሰው ድካም የተገኙ ነበሩ፤ ዘውዱ ግን የሌላ ሰው ራስ ላይ አረፈ። ይህን በክፍል ውስጥ ስናነብ ከመካከላችን አንዷ «ታዲያ ስለ እርሱ ለምን አንማርም?» አለች። መልሱን እናንተ ወላጆቻችን ታውቁታላችሁ፤ የተሸነፈ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። በአገሩ ልጆች አፍ ግን እስከ ዛሬ አለ። የተቆጡት ሽማግሌ ስለዚህ ተቆጡ።

ውቤን እናወድሳለን ብለን እንዳልተነሣን እወቁልን። ቴዎድሮስም የኢትዮጵያ ኩራት ናቸው። ደግሞም ሁለቱ ወገኖች በደም ተገናኝተዋል፤ የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነው ልዑል ዓለማየሁን በ1861 እ.ኤ.አ. ወለዱ። ከመቅደላ በኋላ እንግሊዞች የወሰዱት፣ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር የተቀበረው ያ ልጅ የስሜን ሰው የልጅ ልጅ ነበር። በየጊዜው ዐፅሙ ይመለስ የሚል ጥያቄ ሲነሣ በሬዲዮ እንሰማለን፤ አያቱ የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግን ከእኛ ዘንድ መሆኑን ስንቶቻችን አስበነዋል?

አሁን ደግሞ የሚከነክነንን እንናገር። ስለ ደረስጌ ማርያም አንድ ሙሉ መጽሐፍ አለ። የጻፉት ዶሮቴያ ማክዩዋን የተባሉ ተመራማሪ ናቸው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ የቅጥር ግቢውን ታሪክ፣ ሕንፃዎቹን፣ ሥዕሎቹንና ንዋያተ ቅድሳቱን ይናገራል። እኒህ ሴት ከሩቅ አገር ወደ ተራራችን ወጥተው ስለ ደከሙ ምስጋናችን ከልብ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አይገኝም፤ ቢገኝም ለአያቶቻችን አይነበብላቸውም። አንድ የሩቅ አገር ሰው የእኛን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በመጽሐፍ ሲያቆም እኛ በአንድ ደብተር እንኳ አለማስፈራችን እንቅልፍ ነሣን። ደብተሩን ገዝተን የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያ ዕቅዳችን መልካም ነበር፤ አፈጻጸማችን ግን አላማረም። ከሁሉ አስቀድመን ልናነጋግራቸው የመረጥናቸው አንድ አባት ነበሩ። የደረስጌው ውጊያ የተደረገበትን መስክ በስሙ ለይተው ያውቃሉ፤ የቆሰሉት የተኙበትን፣ ፈረስ የወደቀበትን ከአያታቸው ሰምተዋል ተብሎ ተነገረን። ሄደን አየናቸው፤ በደስታ ተቀበሉን፤ ጠላ አስቀዱልን፤ «ረጋ ብላችሁ ኑ፣ ቦታው ድረስ ወስጄ አሳያችኋለሁ» አሉን። እኛ ግን ፈተና ደረሰብንና «ከፈተና በኋላ» አልን። ከፈተና በኋላ ደግሞ የእርሻ ሥራ ሆነ። በመጨረሻ ደብተራችንን ይዘን በሄድንበት ቀን ለቅሶ ደረስን። ባለቤታቸው፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ «እናንተን ሲጠብቅ ነበር» አሉን። ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንሰማው እንኖራለን። እኒያ እናት ከሰሙት የቀራቸውን ነገሩን፤ የመስኩን ስም ግን እርሳቸውም አያውቁትም ነበር። በደብተራችን ላይ ለዚያ ስም የተተወው መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገር ማስተላለፍ ተውን። ከታላቁ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ከየመንደሩ ስም ጀመርን። ስም ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በስሜን ስም ብዙ ይናገራል። በአክሱም ዘመን በአዱሊስ ቆሞ የነበረ፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ የገለበጠው የግሪክ ጽሕፈት አለ። ይህ ጽሕፈት አንድ ንጉሥ ድል ካደረጋቸው ሕዝቦች መካከል የስሜንን ሰዎች ያነሣል፤ ወንዝ ተሻግረው በአስቸጋሪ ተራሮች የሚኖሩ፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም ነው ይላል። ስማችን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም ማለት ነው። ስለ በረዶው ግን ንጉሡ ትንሽ ሳይጨምሩበት አልቀሩም፤ ውርጩን ግን ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የምንመጣ እኛ እንመሰክራለን።

ስለ ራስ ደጀን ተራራም ብዙ ጠየቅን። በካርታ ላይ «ራስ ዳሸን» ተብሎ ስለ ተጻፈ በከተማ ያሉ ሰዎች እንዲያ ይሉታል፤ እዚህ ግን አረጋውያኑ «ደጀን» ይላሉ። ቁመቱም በአሮጌው መጽሐፍ 4,620 ሜትር፣ በአዲሱ 4,533 ሜትር ተብሎ ይገኛል፤ ተራራው አላጠረም፤ የለኪዎቹ መሣሪያ ነው የተሻሻለው። መጻሕፍቱ በ1841 እ.ኤ.አ. ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኰንኖች መጀመሪያ ወጡበት ይላሉ። ከአውሮፓ ሰዎች መጀመሪያ ቢባል እንስማማለን። በየዘመኑ በግና ፍየል እየነዱ እዚያ የዋሉ እረኞች ስማቸው አልተጻፈም እንጂ አልወጡም አይባልም። ከክበባችን አባላት የሁለቱ አያቶች እረኞች ነበሩ።

ስም እንዴት እንደሚጠፋ ለማወቅ ግን ከራስ ደጀን ይልቅ ግጭን ማየት ይበቃል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበረ፤ ከዚያም የወጣው ብዙ ሥራ ከተሠራ በኋላ ነው። ከዚያ ሥራ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭን መንደር ሕዝብ፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር፤ ይህም በ2016 እ.ኤ.አ. ተፈጸመ። ዋሊያውና ቀይ ቀበሮው መሬት እንዲያገኙ መደረጉን አንነቅፍም፤ ለምለሙ ሣር ሲመለስ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ መንደር ከቦታው ሲነሣ የእያንዳንዱ ምንጭ፣ የእያንዳንዱ ማሳና መሰማሪያ ስም አብሮ ይነሣል። እሜት ጎጎና ሳንቃበር ቱሪስት ስለሚሄድባቸው በካርታ ይኖራሉ። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ግን በማን ካርታ ላይ ይገኛል? ባለፈው ዕረፍት ከክበባችን ሦስቱ ደባርቅ ወርደው ከዚያ መንደር ከመጡ አንዲት እናት ጋር ግማሽ ቀን ዋሉ። እኒያ እናት ከቤታቸው ደጃፍ ተነሥተው እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ በሐሳብ እየሄዱ፣ የቦታውን ሁሉ ስም በተራ ነገሯቸው። የእኛ ልጆች ከቁጥር በላይ ሆኖባቸው ሁለት ጊዜ አስደገሟቸው። እናትየዋም «ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብሁም» አሉ፤ ልጆቻቸው በከተማ ተወልደው ስለሚያድጉ አንዱንም አያውቁም።

ስለ ሊማሊሞ ብዙ አንናገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚሄደው የነጋዴ መንገድ በዚያ ያልፍ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ያን ዳገት ወጥቶ ነው ጎንደር የገባው። በመኪና የሚያስሄደውን ጥምዝምዝ መንገድ ጣልያኖች ሠሩ፤ ከላይ በወልቂፊት የነበረው ጦራቸውም በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ ቆይቶ በመስከረም ወር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በመጽሐፍ ያለው ይህን ያህል ነው። አንዲት የክበባችን አባል አያቷን ጠይቃ የሰማችው ግን ሌላ ነው፤ አያቷ ከእናታቸው የሰሙት፣ ሴቶች ሌሊት ሌሊት ዳቦ ጋግረው ጭሱ እንዳይታይ በዋሻ እያደረጉ ለአርበኞች ይልኩ እንደ ነበር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቅነው ወንዶችን ብቻ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው፤ ስሕተታችንንም አረምን።

ታሪክ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ስለ ቅርቡ አንድ ነገር እንጨምር። በነሐሴ ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሲቪል ሰዎች በጦርነቱ ተገደሉ። ዘመዶቻችን እዚያ አሉ፤ ለቅሶም ሄደናል። የሞቱት ቁጥር በተለያዩ ወገኖች ዘንድ ተለያይቶ ይነገራል። ነገሩ ከሆነ ገና ብዙ ዓመት ሳይቆጠር፣ ያዩት ሰዎች በሕይወት እያሉ ይህ ከሆነ፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ስለ ሆነው የደረስጌ ውጊያ ምን እንጠይቃለን? እኛ በዚህ ጉዳይ ፈራጅ አይደለንም፤ ለሐዘንተኛም ደብተር ይዞ መቅረብ ከባድ ነው። ስለዚህ ከመምህራኖቻችን ጋር ተማክረን፣ ቤተ ሰቦቹ ራሳቸው ሲፈልጉ የሟቾቻቸውን ስም በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ የተለየ ገጽ አስቀምጠናል። እኛ አንነካውም፤ እንጠብቀዋለን እንጂ።

አሠራራችንን በአጭሩ ለመናገር፣ ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜ፣ ከማን እንደ ሰማ፣ በየትኛው ቀንና ቦታ እንደ ነገረን እንመዘግባለን፤ ስሜ አይጻፍ ያለን ሰው ስሙ አይጻፍም። ቃሉን እንደ ተናገረው እንጽፋለን፤ መጽሐፍ የሚለው ከዚያ ቢለይ በጎን በኩል በቀይ ቀለም እናመለክታለን እንጂ የተናጋሪውን አንሰርዝም። «ቴዎድሮስ ናቸው ያሠሩት» ያሉት ወላጆቻችን ቃልም በዚሁ መንገድ ገብቷል፤ ሰው ለምን እንዲህ እንዳሰበ ራሱ ታሪክ ነውና። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የአስተዳዳሪውን ፈቃድ እንጠይቃለን፤ መጽሐፍና መስቀል አንነካም፤ ፎቶግራፍም ተከልክለን ከሆነ አናነሣም። የብራና መጻሕፍት ከየገዳሙ እየተሰረቁ እንደሚሸጡ ስለምንሰማ፣ የንዋያቱን ዝርዝር በደብተራችን ጽፈን በየሰው እጅ እንዲዞር ማድረጉ ጥሩ አልመሰለንም፤ ያ ሥራ የካህናቱና በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን ነው። በዚህ ነጥብ ከክበባችን አባላት ጥቂቶቹ አልተስማሙም፤ ክርክሩ ገና አላለቀም።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገው ገንዘብ አይደለም። ደብተሩ ቁጥር ሁለት ላይ ደርሷል፤ እስክሪብቶም አለን። በቤታችሁ ያሉትን አያቶች፣ ዛሬ በዓሉን ለማየት አብረዋችሁ የመጡትን ጭምር፣ ምሳ ከበሉ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አምጡልን። በመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ተማሪዎች እስከ ምሽት ድረስ ይቀመጣሉ፤ በርጩማና ውሃ አዘጋጅተናል። ከእናንተ መካከል የደረስጌን መስክ ስም የሚያውቅ ቢገኝ ግን እባካችሁ ምሳውንም ሳትጠብቁ ኑ፤ ገጹ ተከፍቶ ተቀምጧል።